አይቶ መያዝ

ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በታክሲ የተጓዘ ሁሉ ወያላውን ያውቀዋል። አንዱ ሃምሳ፣ አንዷ መቶ፣ ሌላው ሁለት መቶ ብር ይሰጡታል፤ እሱም ሳይጽፍ ሳይመዘግብ መልሱን ለየባለቤቱ ያድላል። ከተሳሳተ «የኔስ መልስ?» ማለት አይቀርም፤ ብዙ ጊዜ ግን አይሳሳትም። ለመሆኑ ያንን ፊትና ያንን ብር፣ ከዓይኑ ከራቁ በኋላ፣ ይዞ የሚያቆይለት ምንድን ነው?

ጥያቄው ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ካርላይል ጃኮብሰን የተባለ አሜሪካዊ፣ ጦጣ እያየችው ምግብ ከሁለት ክዳኖች ባንዱ ሥር ይደብቅ፣ ለጥቂት ጊዜ ይጋርድና መልሶ ይገልጥ ነበር። ጤነኛዋ ጦጣ ትክክለኛውን ክዳን ታነሳለች። በግንባሯ በኩል ያለው የአንጎል ክፍል የተወገደባት ግን፣ ዓይኗ ደኅና ሆኖ ሳለ፣ ይጠፋታል። በ1971 ደግሞ ፉስተርና አሌክሳንደር ምግቡ ከተጋረደ በኋላ በዚያው ክፍል አንዳንድ ሴሎች ዝም እንደማይሉ፣ እስኪገለጥ ድረስ መልእክት ማስተላለፋቸውን እንደሚቀጥሉ ዘገቡ። ስለማየት ያጠኑት ሁበልና ዊዝል በበኩላቸው፣ ከጭንቅላት በስተኋላ ያሉ ሴሎች ለተለያየ የመስመር አቅጣጫ እንደሚነቁ አሳዩ፤ በ1981 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑበት።

እንግዲህ ማየት ከኋላ፣ መያዝ ከፊት ነው ተባለ። ክፍፍሉ ግን የግንብ አጥር አይደለም። በ2009 ሃሪሰንና ቶንግ፣ ሰዎች በሐሳባቸው የያዙትን የመስመር አቅጣጫ ከዚያው ከኋለኛው የዕይታ ክፍል ለማንበብ ችለዋል።

ይህ ሁሉ ከሕያው አንጎል የተገኘ ዕውቀት ነው። የጥንቶቹስ ነገር? አንጎል ይበሰብሳል። ሆኖም ድፎ ዳቦ የኮባውን ጅማት ይዞ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ቅልም የአንጎሉን ገጽ በውስጥ ግድግዳው ላይ ይዞ ይቀራል። በቺምፓንዚ አንጎል ላይ የዕይታውን ክፍል የምታዋስን አንዲት ጨረቃ መሰል ቦይ አለች። በሰው አንጎል ግን የዕይታው ክፍል ወደ ኋላ ተገፍቶ ለሌላው ቦታ ለቋል። ስለዚህ ያች ቦይ የወሰን ድንጋይ ናት። በ1925 ሬይመንድ ዳርት ስለ ደቡብ አፍሪካው የታውንግ ሕፃን ሲጽፍ፣ ቦይዋ እንደ ሰው ወደ ኋላ ሸሽታለች አለ፤ ክርክሩም ተጀመረ።

ክርክሩ ወደ አገራችን የገባው በአፋር በኩል ነው። በአቃቂ አድርጎ ወደ አዋሽ የሚወርደው መንገድ ወደዚያ ይዘልቃል። ድንቅነሽ በ1974 ከተገኘችበት ከሐዳር፣ ኤ.ኤል. 162-28 የተባለ የቅል ስባሪም ወጥቶ ነበር። ሆሎዌይ በ1983 ስባሪውን መርምሮ ቦይዋ ወደ ኋላ ሄዳለች አለ፤ ዲን ፎክ በ1985 የለም፣ እንደ ቺምፓንዚ ከፊት ናት ብላ ጻፈች። ድንጋዩ አንድ፣ ንባቡ ሁለት! ምሁራኑም ቢሆኑ የሚያዩት አስቀድመው በያዙት ሐሳብ በኩል ነበርና፣ ሙግቱ ዓመታት ፈጀ።

በ2000 ከሐዳር ብዙም በማይርቀው በዲኪካ የ3.3 ሚሊዮን ዓመቷ ሕፃን ሰላም ተገኘች። ቡድኑን የመሩት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ የተማሩት ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ፣ አጥንቷን ከአሸዋ ድንጋዩ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ፣ ቅንጣት በቅንጣት፣ ዓመታት ፈጅተው ፈለቀቁ። በ2020 እሳቸው፣ ፊሊፕ ጉንዝና ባልደረቦቻቸው የስምንት ቅሎችን ጥናት አወጡ፤ የሰላም ቅል በፈረንሳይ አገር፣ በግሬኖብል፣ በኃይለኛ ጨረር ተነሥቶ ነበር። ቦይዋ በግልጽ ታየች፤ እንደ ቺምፓንዚ ከፊት ነበረች።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። የሕፃናቱ አንጎል ከአዋቂዎቹ ጋር ሲነጻጸር፣ እድገቱ ዝግ ያለና ረጅም ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ወሰኑ ገና ሳይገፋ፣ ልጅነቱ ግን መርዘም ጀምሮ ነበር ማለት ነው። ለረጅም ጊዜ እያዩ የሚማሩበት ዕድሜ መሠረቱ የተጣለው ያኔ ሳይሆን አይቀርም።

የአቃቂው ወያላም ያንን ችሎታ ይዞ አልተወለደም፤ በየቀኑ እያየ፣ እየተሳሳተ፣ «የኔስ መልስ?» እየተባለ ነው የተማረው። እኛም ፈጥነን «ገብቶኛል» ከማለታችን በፊት፣ ያየነው ድንጋዩን ይሁን አስቀድመን የያዝነውን ሐሳብ ብንጠይቅ አይከፋም።