ኢኖኬንቲ (የወንድ ስም)

ኢኖኬንቲ ከሩሲያ የወንድ ስሞች መካከል እምብዛም የማይዘወተር ነው። ምንጩ ላቲን ሲሆን «ንጹሕ፣ በደል የሌለበት» ማለት ነው። በሮም 13 ሊቃነ ጳጳሳት ተጠርተውበታል። በምሥራቅ ስላቮች ዘንድ ግን ለረጅም ዘመን በዋናነት የመነኮሳት ስም ነበር፤ በ1674 (እ.ኤ.አ.) የታተመው «ሲኖፕሲስ» ከተሰኘው የታሪክ መጽሐፍ ጋር ስማቸው የሚነሣው የኪየቩ አባት ኢኖኬንቲ ጊዜል ከእነዚህ አንዱ ናቸው።

ስሙ ከገዳም ወጥቶ ወደ ገበሬው ቤት የገባው በሳይቤሪያ ነው፤ ምክንያቱ አንድ ጳጳስ ናቸው። ኢኖኬንቲ ኩልቺትስኪ በኪየቭ ከተማሩ በኋላ በ1721 ለቻይና ተልእኮ ጵጵስና ተሾሙ፤ የፔኪንግ መንግሥት ግን አላስገባቸውም። ድንበሩ አጠገብ ሴሌንጊንስክ ላይ ዓመታት ካሳለፉ በኋላ በ1727 የኢርኩትስክ ጳጳስ ሆኑ፣ በ1731 ዐረፉ። በ1764 አፅማቸው ሳይፈርስ ተገኘ መባሉ በአካባቢው ታላቅ ፍቅር አተረፈላቸው። በ1804 ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳን ቆጠረቻቸው። የክርስትና ስም በቅዱሳን መታሰቢያ በሚወጣበት አገር ይህ ብዙ ትርጉም ነበረው፦ ኢኖኬንቲ የሳይቤሪያ ሰው መለያ እስኪመስል ድረስ ተስፋፋ። ቻይና በሯን ከፍታላቸው ቢሆን ኖሮ የስሙ ዕጣ ሌላ በሆነ ነበር።

የኢርኩትስክ አውራጃ ልጅ የሆኑት ኢቫን ቬኒያሚኖቭ ከ1824 ጀምሮ በአሌውት ደሴቶች ሰብከው ለሕዝቡ ቋንቋ ፊደል አዘጋጅተዋል። በ1840 ቆብ ሲደፉ የተቀበሉት ኢኖኬንቲ የሚለው ስም ለቅዱስ ኩልቺትስኪ መታሰቢያ ነው። በኋላ የሞስኮ ሜትሮፖሊታን ሆኑ፤ በ1977 እርሳቸውም ቅዱስ ተባሉ። የወርቅ ማዕድን ባለሀብቱ ኢኖኬንቲ ሲቢርያኮቭም የኢርኩትስክ ሰው ነበር፤ ሀብቱን ለበጎ አድራጎት ሰጥቶ በአቶስ ተራራ መነኰሰ።

በሥነ ጽሑፍ ስሙን ያስከበረው ኢኖኬንቲ አኔንስኪ (1855–1909) ነው። የተወለደው ኦምስክ ሲሆን በፃርስኮዬ ሴሎ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበር፤ የኤውሪጲድስን ተውኔቶች ወደ ሩሲያኛ መልሷል። በሕይወቱ ሳለ ያወቀው ጥቂት ሰው ነው። ፒተርስበርግ በሚገኝ የባቡር ጣቢያ ድንገት ከሞተ በኋላ፣ በ1910 የወጣው የግጥም መድበሉ እነ ገጣሚዋ አና አኽማቶቫን ቀረጸ፤ እርሷም መምህሬ ብላዋለች። ከዘመኑ ታላላቆች ጎን ሊሰለፍ የሚገባው ገጣሚ ነው።

ሰፊው ሕዝብ ስሙን በይበልጥ የሚያውቀው ግን ከተዋናዩ ኢኖኬንቲ ስሞክቱኖቭስኪ (1925–1994) ነው። በቶምስክ አካባቢ መንደር የተወለደው ይህ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋግቷል፣ ተማርኮም አምልጧል። በ1957 በሌኒንግራድ መድረክ የዶስቶየቭስኪን ልዑል ሚሽኪን ሲጫወት ዝናው ገነነ፤ በ1964 በኮዚንትሴቭ ፊልም ሐምሌትን ሆኖ ዓለም አወቀው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገረው ሐምሌት ከፊልም ትወና ታላላቅ ሥራዎች አንዱ ነው።

ደራሲው ሶልዠኒትሲን «በመጀመሪያው ክበብ» በተሰኘው ልብ ወለዱ ውስጥ ምስጢር በስልክ የሚያወጣውን ዲፕሎማት ኢኖኬንቲ ቮሎዲን ብሎታል። የስሙ ማቆላመጫ ኬሻ ነው፤ ከ1984 ጀምሮ በወጡት የሶቪየት አኒሜሽን ፊልሞች የሚታወቀው ተቅበዝባዥ በቀቀንም የሚጠራው በዚሁ ነው።