መሸነፍን ያልለመደች ከተማ

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተሰለፈ ሰው ያንን ቀን አይረሳውም። ሰልፉ ገና ሳይነጋ ተጀመረ፤ አንዳንድ ጣቢያ ላይ እስከ ሌሊት ዘለቀ። ውጤቱ ሲታወቅ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን ቅንጅት ወሰደ። ለተወካዮች ምክር ቤትም የመዲናዋ 23 ወንበሮች በሙሉ የእሱ ሆኑ።

ስለዚያ ምርጫ ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው ግን ስለ አሸናፊው ነው፦ ስለ ድሉ፣ ስለ መነጠቁ፣ ስለ እስሩ። እስቲ ዛሬ ደግሞ ስለ ተሸናፊው እናውራ። ኢሕአዴግ አዲስ አበባን ሲያጣ ምን አሰበ? ከሽንፈቱስ ምን ተማረ?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የምንል ሰዎች ነን። ተረቱን ስለ ሙስና ሲሆን እንጠቅሰዋለን እንጂ ስለ ሽንፈት የሚለውን ልብ አንለውም። መሻር ማለት ከገበታ መነሳት ነው፤ ተመልሶ መቀመጥ የሚባል ነገር በተረቱ ውስጥ የለም። ሹም ሽሩ ከላይ በሚወርድበት አገር የተሻረ ሰው ወይ ደጅ ይጠናል፣ ወይ ይሸፍታል። ተሸንፎ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተቃዋሚ ሆኖ መቀመጥ፣ እጅ አውጥቶ በጀት መጠየቅ፣ ለሚቀጥለው ምርጫ መዘጋጀት የሚባለውን ከየት እናምጣው? ከአባቶቻችን አልወረስነውም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምላሽ በር መቆለፍ ሆነ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በዚያው በምርጫው ምሽት በመዲናዋ ሰላማዊ ሰልፍ ለአንድ ወር አገዱ። የሥራ ዘመኑን ሊጨርስ የተቃረበው ፓርላማ የምክር ቤቱን ደንብ ለወጠ፤ ቀድሞ 20 አባላት አጀንዳ ማስያዝ ይችሉ ነበር፣ አሁን ከግማሽ በላይ ድጋፍ ያስፈልጋል ተባለ። ከዚያ ሰኔ መጣ፤ ቀጥሎ የ1998 ጥቅምት። በኋላ ነገሩን ያጣራው ኮሚሽን ከተገደሉት ሲቪሎች 193 ቆጠረ። የቅንጅት መሪዎች ታሰሩ። የከተማው ከንቲባ እንዲሆኑ የተመረጡት ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ቢሯቸውን ሳያዩ ቃሊቲ ገቡ።

አሸናፊውም ቢሆን ከነቀፋ አያመልጥም። እንግባ አንግባ የሚለው ክርክር ወራት በላ። ግማሹ ፓርላማ መግባት ክህደት ነው አለ፤ ግማሹ የሕዝብ አደራ ነው አለ። ቢገቡስ ኖሮ በሰላም ያስሠሯቸው ነበር ወይ? ማንም አያውቅም። የሚታወቀው አንድ ነገር ነው፦ የመረጥነው ምክር ቤት አንድም ቀን ከተማዋን አላስተዳደረም። ከ1998 ግንቦት ጀምሮ በአቶ ብርሃነ ደሬሳ የሚመራ ጊዜያዊ አስተዳደር ተተካ፤ ሁለት ዓመት ቆየ።

ኢሕአዴግ እውነተኛ የቤት ሥራውን የሠራው በዚህ ጊዜ ነው። ከምርጫው በፊት ሥራ አጡን የከተማ ወጣት በ«አደገኛ ቦዘኔ» አዋጅ ያስፈራራው የነበረው መንግሥት፣ አሁን በጥቃቅንና አነስተኛ ያደራጀው፣ ብድርና መሥሪያ ቦታ ይሰጠው ጀመር። ይህ በጎ ነው፤ የተሸነፈ ፓርቲ መራጩን ማዳመጥ አለበት። ችግሩ ብድሩም፣ መሥሪያ ቦታውም፣ የድጋፍ ደብዳቤውም ያው በቀበሌ በኩል ማለፉ ነው። ቀበሌው ደግሞ የፓርቲው ነው። የኢሕአዴግ አባላት ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን በታች ከነበረበት ተነስቶ በጥቂት ዓመት ከ4 ሚሊዮን አለፈ። ይህን ሁሉ ሰው እምነት ብቻ አመጣው የሚል ካለ፣ በዚያ ዘመን ቀበሌ ጉዳይ ኖሮት የማያውቅ መሆን አለበት።

ሚያዝያ 2000 የአካባቢ ምርጫ ሲደርስ ነገሩ አልቆ ነበር። የቅንጅትን ስም ምርጫ ቦርድ ለአንድ የተገነጠለ ቡድን ሰጥቶታል። የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት 300 መቀመጫ እንዲኖረው ተደርጓል፤ በአገር ደረጃ የሚመረጠው ሰው ከ3 ሚሊዮን ተኩል በላይ ነው። ይህን የሚያህል እጩ ከገዢው በቀር ማን ያቀርባል? ሕብረትና ኦፌዴን ጥለው ወጡ። በአዲስ አበባ ኢሕአዴግ ከ138 መቀመጫ 137ቱን አገኘ። አዎ፣ ያችኑ ቁጥር፤ 137። ያው ከተማ፣ ያው ምክር ቤት፣ ሦስት ዓመት ብቻ ልዩነት።

ይህችን ቁጥር ባሰብኳት ቁጥር የማስበው ስለተረፈችው ስለ አንዲቷ ወንበር ነው። በ1997ም በ2000ም አንዲት ወንበር ብቻ ከሌላው ተለየች። መሸነፍ የሚለመደው ግን እዚያች ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። ኢሕአዴግ በ1998 በገዛ ከተማው ተቃዋሚ ሆኖ አምስት ዓመት ቢቀመጥ ኖሮ አገር ሳያጣ መንበር ማጣትን ይማር ነበር። እሱ የተማረው ግን እንዴት እንደማይሸነፍ ነው። ትምህርቱን እስከ መጨረሻ ወሰደው፤ በ2007 ምርጫ ከአጋሮቹ ጋር 547ቱንም የፓርላማ ወንበር ያዘ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ የካቲት 2010፣ ፓርላማው አንድም ተቃዋሚ የሌለበት ሆኖ ሳለ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ። ቅሬታው በአዳራሹ መግባት ሲያቅተው በጎዳና ወጥቶ ነበር።

የከተማ ምክር ቤት ትንሽ ነገር ይመስላል። ስለ ውሃ፣ ስለ ቆሻሻ፣ ስለ ታክሲ ነው የሚያወራው። ግን ሽንፈት ብዙም ሳይጎዳ የሚለመድበት ቦታ ካለ እዚያ ነው። በውሃና በቆሻሻ ጉዳይ መሸነፍን ያልለመደ ሰው ቤተ መንግሥት ገብቶ እንዴት ይለምደዋል? ሁለት ጊዜ ዕድሉ መጥቶልን ነበር። ሁለቱንም ጊዜ የተሸናፊውን ወንበር ባዶ ትተነው ወጣን።