የጭስ ሚዛን፤ የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምድጃ በመንግሥት ፖሊሲ ታሪክ

ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው የጉና ተራራ ፋርጣን፣ እስቴንና ላይ ጋይንትን ያዋስናል። በግርጌው ካሉት ውርጫም ቀበሌዎች በአንዱ በእንግድነት የገባ ሰው ከባለቤቶቹ ቀድሞ የሚቀበለው ከክዳኑ ሥር ተንጠልጥሎ የሚቆየው ጭስ ነው። ደጋው እንጨት ስላነሰው ኩበት ያነዳል፤ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚያዘቀዝቀው የታች ጋይንትና የስማዳ ቆለኛ ደግሞ ጭራሮ ይለቅማል። በሁለቱም ዘንድ ምጣዱን የምታስሰው እናት ዓይኗን እየጠረገች ትጋግራለች፤ በጀርባዋ ያዘለችውም ሕፃን ያንኑ አየር ይተነፍሳል።

የአየር ብክለት ሲባል የብዙዎቻችን አሳብ ወደ ፋብሪካና ወደ መኪና ይሄዳል። ለገጠሩ ሕዝባችን ግን ከሁሉ የከፋው አየር በቤቱ ውስጥ ያለው ነው። ይህን ጭስ መንግሥትና አጥኚዎች ጨርሶ አላዩትም ማለት አይቻልም። አይተውታል፤ ነገር ግን በየዘመኑ በሌላ ሚዛን መዝነውታል።

የመጀመሪያው ሚዛን እህል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 የዓለም ባንክ ባለሙያ የነበሩት ኬኔት ኒውኮምብ ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ባቀረቡት ጥናት፣ ገበሬው እንጨት ሲያልቅበት ወደ ኩበትና ወደ አገዳ እንደሚዞር፣ ኩበቱ በነደደ ቁጥርም ማሳው ፍግ እንደሚያጣና ምርቱ እንደሚቀንስ ደረጃ በደረጃ አስረዱ። ዘመኑ የታላቁ ረሀብ ዘመን ስለነበር ክርክሩ ጆሮ አገኘ። መፍትሔውም ዛፍ መትከል ሆነ። ጥናቱ ትክክል ነበር፤ ጋይንትን ለሚያውቅ ሰው እንዲያውም አገሩን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ነው። ሆኖም ኩበቱን የሚያነደው እጅ እንጂ ጭሱን የሚስበው ሳንባ በሒሳቡ አልገባም።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1983፣ ኪርክ ስሚዝና የሥራ ባልደረቦቻቸው በሕንድ አገር በጉጃራት መንደሮች ሴቶች በሚያበስሉበት ሰዓት የሚተነፍሱትን ጭስ ለክተው ውጤቱን አሳትመው ነበር። በእኛ ዘንድ ግን የምድጃው ሥራ ዋና መነሻው የማገዶ ቁጠባ ሆኖ ቀጠለ። ኋላም ከሲሚንቶና ከአሸዋ ወይም ከገለባ ድንጋይ የሚሠራው «ምርጥ» የተሰኘው የእንጀራ ምድጃ ወጣ፤ ከጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ማገዶ ይቆጥባል ተባለለት፤ በአማራው አካባቢም ተሰራጨ።

ሕጉን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 በንጹሕ አካባቢ የመኖርን መብት ደነገገ። የአካባቢ ፖሊሲው በ1989 ዓ.ም. ጸደቀ። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም የአየር ጥራት ደረጃ እንዲወጣ አዘዘ። አዋጁ የሚያስበው ግን የውጭውን አየር፣ ፋብሪካንና ተሽከርካሪን ነው። በጉልቻ ላይ ተቆጣጣሪ አይላክምና ይህ አያስደንቅም።

ሁለተኛው ሚዛን ካርቦን ነው። በ2004 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ማገዶ ቆጣቢ ምድጃን ቅድሚያ ከሰጣቸው ሥራዎች አንዱ አደረገው፤ እስከ 2007 ዓ.ም. 9 ሚሊዮን ምድጃ ለማዳረስም ታቀደ። ምክንያቱ ደኑና ወደ አየር የሚወጣው ጋዝ ነበር። የከተማውም ጉዳይ ከዚህ እምብዛም አይለይም፤ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ሲከለከል ባለሥልጣናቱ ጎልቶ የሰጡት ምክንያት የውጭ ምንዛሪ እጥረት ነበር።

የሳንባው ሚዛን የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከጣና ማዶ በሜጫ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው መሣፍንት ሞላ አዳነና ባልደረቦቻቸው ቤተሰቦችን በዕጣ ከፍለው፣ ለአንደኛው ወገን የተሻሻለውን የእንጀራ ምድጃ ሰጥተው፣ ሌላውን በነባሩ አቆይተው ተከታተሉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ታተመ። በቤት ውስጥ ያለው ጭስ ቀንሷል፤ በሕፃናቱ የሳንባ ኢንፌክሽን ላይ ግን የተረጋገጠ ለውጥ አልታየም። ቀደም ሲል በማላዊ ከ10,000 በላይ ሕፃናትን ያካተተ ጥናትም ስለ ሳንባ ምች ተመሳሳይ መልስ ሰጥቶ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ያወጣው መመሪያ የደቃቅ ብናኝን የዓመት አማካይ በሜትር ኩብ 5 ማይክሮግራም ላይ ወስኗል፤ ኩበትም ሆነ እንጨት የሚነድበት ማድ ቤት ወደዚህ አይቀርብም።

ከዚህ ተነሥቶ ምድጃው ከንቱ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ማገዶ ለመቆጠብ ተሠርቶ ማገዶ ቆጥቧል። ስሕተቱ የእኛ የጤና ባለሙያዎች ነው፤ የሌላውን መሥሪያ ቤት መሣሪያ ተውሰን ለሳንባ መድኃኒት አድርገን በሪፖርታችን አስገባነው። ለጉና ግርጌ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። እሳቱ እዚያ መጋገሪያ ብቻ ሳይሆን የሌሊት ልብስ ነው፤ የታፈነው ምድጃ ግን ቤት አያሞቅም። ስለዚህ ምርጡ ምድጃ በአንድ ጥግ፣ ጉልቻውም በመካከል፣ ሁለቱም በአንድ ጣራ ሥር ቢኖሩ ባለቤቲቱን ማን ይወቅሳል?

ለወደፊቱ ምድጃ ሲታደል ከተሰጠው ቁጥር ጎን የብናኝ ልኬትም እንዲመዘገብ ማኅበራችን ሊጠይቅ ይገባል። ልኬቱ በሜጫ ብቻ ተወስኖ እንዳይቀር፣ ኩበት በሚነድበት በነፋስ መውጫ ዙሪያና ጭራሮ በሚለቀምበት በስማዳ ቆላ በክረምትም በበጋም ይወሰድ፤ ሌሊት ለሙቀት የሚነደውም እሳት ይለካ። ወረቀቱም ከጤና ቢሮ አልፎ የኤሌክትሪክ መስመር ወደየትኛው ቀበሌ ይቅደም የሚለውን ለሚወስነው መሥሪያ ቤት ይድረስ።