አንዲት ስላሽ ድረ ገጾችን ሁሉ የወነጀለችበት ቀን

ጥር 23 ቀን 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2009) ቅዳሜ ነበር። በኢትዮጵያ ሰዓት ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጎግል ላይ ምንም ነገር ብትፈልጉ እያንዳንዱ ሊንክ «ኮምፒውተርዎን ሊጎዳ ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይዞ ይመጣ ነበር። የጎግል የራሱ ገጽ እንኳ አልቀረለትም!

ምን ተፈጠረ? ጎግል ጎጂ ሶፍትዌር የሚያሰራጩ ድረ ገጾች የሚገቡበት ጥቁር መዝገብ አለው። መዝገቡ በየጊዜው ይታደሳል። ያን ቀን በታደሰው ፋይል ውስጥ «/» የምትባለው ምልክት፣ ማለትም ስላሽ፣ በሰው ስህተት ብቻዋን እንደ አንድ አድራሻ ገባች። ስላሽ ደግሞ የሌለችበት የድረ ገጽ አድራሻ የለም። ኮምፒውተር የታዘዘውን ነው የሚሠራው፤ በቃ፣ ሁሉንም ወነጀለ። ጂሜይልም በዚሁ መረጃ ስለሚጠቀም አንዳንድ ጤነኛ ኢሜይሎችን ስፓም ብሎ ለያቸው።

መሐንዲሶቹ ፋይሉን ወደ ቀድሞው መለሱት። ችግሩ በአንድ ተጠቃሚ ላይ የቆየው 40 ደቂቃ ያህል ነው። ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ የፋይል ፍተሻውን እንደሚያጠብቅ ቃል ገባ።

ግን ልብ በሉ፤ ስህተቱ ቶሎ የታየው ሁሉንም ስለነካ ነው። በስህተት የተመዘገበው የአንድ ትንሽ ሱቅ ገጽ ብቻ ቢሆንስ? ጎብኚው ማስጠንቀቂያውን ሲያይ ዝም ብሎ ይመለሳል፤ ባለሱቁም ደንበኛው ለምን እንደጠፋ ላያውቅ ይችላል። ነገ እናንተም እንዲህ ዓይነት መዝገብ ስትሠሩ፣ ከመልቀቃችሁ በፊት በጤነኛ አድራሻዎች ላይ ፈትሹት። በስህተት የገባም አቤት የሚልበት በር ይኑረው።