ጫጫታው ሲቀነስ ንባብ ያገግማልን? የኒው ዮርክና የሙኒክ ማስረጃዎች

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ጫጫታ በሚበዛባቸው ትምህርት ቤቶች የሚማሩ ሕፃናት በንባብ ወደ ኋላ መቅረታቸው ከታወቀ ቆይቷል። ምክንያቱ ጫጫታው ነው ወይስ ድህነት የሚለው ግን አከራካሪ ነው። ይህ ጽሑፍ ጫጫታው ከተቀነሰ ወይም ከቆመ በኋላ የታየው ለውጥ ጠንካራው መልስ ነው ሲል ይከራከራል።

1. የጥያቄው አነሣሥ

ጫጫታ ትምህርትን ለመጉዳት ጆሮ እስኪያደነቁር አይጠበቅም። የመምህሩ ቃል ለሕፃናት ጥርት ብሎ እንዲሰማ ድምፁ በክፍሉ ካለው ጫጫታ በ15 ዴሲቤል ያህል መብለጥ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጣው መመሪያ በትምህርት ሰዓት የክፍሉ ጫጫታ ከ35 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክሯል። አዋቂ ያመለጠውን ቃል ከአገባቡ ገምቶ ይሞላል፤ የቃላት ሀብቱ ገና ያልዳበረ ሕፃን ግን ይህ ይቸግረዋል።

ይሁንና በሐዲድና በአውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የሚኖሩት ብዙውን ጊዜ አቅም የሚያንሳቸው ቤተሰቦች ናቸው። ስለዚህ ጸጥታ ያለበትን ሠፈር ከጫጫታማው ጋር ማነጻጸር ብቻውን አያሳምንም።

2. አንድ ትምህርት ቤት፣ ሁለት ጎን

አርሊን ብሮንዛፍትና ዴኒስ መካርቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተሙት ጥናት ይህን ችግር በብልሃት አልፎታል። በሰሜን ማንሃተን የሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አንዱ ጎኑ በድልድይ ላይ ወደሚሄድ የባቡር መስመር የዞረ ነበር። በየ4 ደቂቃ ተኩሉ ባቡር ለ30 ሴኮንድ ያህል ሲያልፍ የክፍሎቹ ድምፅ ወደ 89 ዴሲቤል ያሻቅብ ነበር። በዚህ ስሌት ከ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ከ4 ደቂቃ በላይ ይባክናል። በሐዲዱ በኩል የተማሩት የ6ኛ ክፍል ልጆች በሌላው ጎን ከተማሩት እኩዮቻቸው በንባብ ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ።

በኋላ ሐዲዱ ሥር ላስቲክ ተነጠፈ፤ በክፍሎቹም ድምፅ የሚመጥ ኮርኒስ ተገጠመ። ብሮንዛፍት እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመችው ተከታይ ጥናት በሁለቱ ጎኖች መካከል የነበረው የንባብ ልዩነት አልታየም።

3. የተዛወረው አውሮፕላን ማረፊያ

የአንድ ትምህርት ቤት ውጤት ለብቻው ለጠቅላላ ድምዳሜ አይበቃም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1992 ግን የሙኒክ ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ከሪም ወደ አዲስ ስፍራ ተዛወረ። ተመራማሪዎቹ ሁጌ፣ ኤቫንስና ቡሊንገር ከዝውውሩ በፊትና በኋላ ሕፃናትን ፈተኑ። በአሮጌው ማረፊያ አጠገብ በነበሩት ላይ የታየው የንባብና የረጅም ጊዜ ትውስታ ጉድለት በረራው ከቆመ በኋላ ጠፋ፤ በአዲሱ አካባቢ ባሉት ላይ ደግሞ ተመሳሳይ ጉድለት ብቅ አለ። የቤተሰብ ኑሮ አውሮፕላኖቹን ተከትሎ እንዲህ አይገለባበጥም።

ሁሉም ጫጫታ ግን አንድ ዓይነት ጉዳት አያደርስም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመውና በሂትሮው፣ በስኪፖልና በባራሃስ ማረፊያዎች ዙሪያ 2,844 ሕፃናትን ያካተተው ጥናት የአውሮፕላን ድምፅ በጨመረ ቁጥር አንብቦ መረዳት ሲቀንስ አይቷል፤ ከመኪና መንገድ ድምፅ ጋር ግን ይህ ዝምድና አልታየም።

4. ለእኛ ያለው ፋይዳ

ጫጫታ ከባቡርና ከአውሮፕላን ብቻ አይመጣም፤ በሀገራችን ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ጣሪያና ሊሾ ወለል ያላቸው ክፍሎች ብዙ ናቸው። ዝናብ ሲወርድ የመምህሩ ድምፅ ይዋጣል፤ ባይዘንብም ራቁት ግድግዳው ድምፅን ያስተጋባል። መምህሩ ቢጮህ የሚያስተጋባው ድምፅም አብሮ ስለሚያድግ ጩኸት መፍትሔ አይሆንም። ጫጫታ በሁለተኛ ቋንቋ የሚያዳምጡትን ይበልጥ ስለሚጎዳ፣ በእንግሊዝኛ የሚማሩት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን ጉዳይ የተለየ ትኩረት ይሻል።

የኒው ዮርክና የሙኒክ ጥናቶች የሚያሳዩት ጉዳቱ ሊቀለበስ እንደሚችል ነው። ስለሆነም የትምህርት ቤት ቦታ ሲመረጥ ከአውሮፕላን ማረፊያና ከሐዲድ ያለው ርቀት፣ ሕንፃው ሲነደፍም ኮርኒስ ከግዴታ መስፈርቶች ሊቆጠሩ ይገባል። ኮርኒስን ለውበት ነው ተብሎ ከሚቀነሰው ወጪ መደብ አውጥቶ ከመማሪያ መጽሐፍ ጎን ማስቀመጥ የመጀመሪያው እርምጃ ነው።