የአባት ስምና የፎቶግራፍ ነገር

ልጆቻችን ከጅማ፣ ከአጋሮና ከሊሙ ዘመዶች የተሰበሰበውን አሮጌ ፎቶግራፍ በስካነር አንስተው ኮምፒዩተር ውስጥ አስገቡልን። የትውልድ መመዝገቢያው ፕሮግራም ግን «የቤተሰብ ስም» ይጠይቃል። እኛ ዘንድ ከልጅ ስም ቀጥሎ የሚመጣው የአባት ስም ነውና አባትና ልጅ የሁለት ቤት ሰው ሆነው ቁጭ አሉ! ሳጥኑን ባዶ ትተን በወላጅነት አያያዝናቸው። ዓመተ ምሕረቱም አስቸግሮናል፤ የኢጣሊያ ጦር በመስከረም 1928 ሲወረን በፈረንጅ 1935፣ በዚያው 1928 ሚያዝያ አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ 1936 ነው። ወሩ ካልታወቀ አይመለስምና በእኛው ጻፍነው።

ከሁሉ የከበደን ቡና መጋዘን ደጃፍ የተነሡት አምስት ሰዎች ናቸው። አንዲት እናታችን ሁለቱን ነገሩን፤ ለቀሩት ለእሑድ ቀጠሩን። ቅዳሜ ቀበርናቸው። ፎቶግራፉ እድሩ ቤት ተሰቅሏል፤ ሦስቱን የምታውቁ እባካችሁ ንገሩን።