እሳተ ገሞራ እሳት ነው? ቃሎቻችን የሚያስታውሱት ታሪክ

«እሳተ ገሞራ» የሚለውን ቃል ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ጀምሮ ሁላችንም እናውቀዋለን። ግን ገሞራ ምንድን ነው? የዐለት ዓይነት አይደለም፣ የከተማ ስም ነው። በኦሪት ዘፍጥረት እንደተጻፈው በሰዶምና በገሞራ ላይ ከሰማይ እሳትና ድኝ ዘነበ። ቃላችን ያንን እሳት ያስታውሳል። ፈረንጆቹም ቢሆኑ ብዙ አይለዩም፤ «ቮልካኖ» የሚሉት በሮማውያን የእሳት አምላክ በቩልካን ስም ነው።

ሳይንሱ ግን ስሙን በሁለት ቦታ ያርመዋል። አንደኛ፣ የገሞራው እሳት ከላይ የወረደ ሲሆን የተራራው ከታች ነው የሚወጣው። ቅልጥ ዐለት (ማግማ) በዙሪያው ካለው ጠጣር ዐለት ስለሚቀል ወደ ላይ ይገፋል፤ ውስጡ የታመቀው ጋዝም ያግዘዋል። ሁለተኛ፣ የሚነድ ነገር የለም። ፈስሶ የሚወጣው ላቫ ቀልቶ የሚያበራው እንደ ጋለ ብረት ስለሆነ ነው። እንደ ኤርታሌ ባሉ ቦታዎች ሙቀቱ ከ1,100 ዲግሪ ሴልሺየስ ይበልጣል። ኤርታሌ በአፋርኛ «የሚጨስ ተራራ» ማለት ነው ይባላል። አፋሮች ያዩትን ነገር ነው የሰየሙት።

«ሥነ ፈለክ»ም የጥንት ሐሳብ ይዞ የቆየ ቃል ነው። «ፈለክ» በአረብኛም አለ፤ በድሮ የሰማይ ተመራማሪዎች ዘንድ ፕላኔቶችን ተሸክሞ በመሬት ዙሪያ የሚዞር ሉል ማለት ነበር። ታዲያ እ.ኤ.አ. በ1577 አንድ ጅራታም ኮከብ ታየ። የዴንማርኩ ቲኮ ብራሄ ሲለካው ከጨረቃ በጣም ርቆ፣ በፕላኔቶቹ መካከል የሚጓዝ ሆኖ አገኘው። ሉሎቹ ጠጣር ቢሆኑ ኖሮ በየት ያልፋል? በ1609 ደግሞ ዮሐንስ ኬፕለር የማርስ መንገድ ፍጹም ክብ ሳይሆን ሞላላ መሆኑን አሳተመ። ዛሬ ያንን መንገድ «ምህዋር» እንለዋለን። ቃሉ «ሖረ» (ሄደ) ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ነው፣ መሄጃ እንደማለት። ተሸካሚው ሉል ቀርቶ መንገዱ ብቻ ተረፈ ማለት ነው። ፕላኔቷን በመንገዷ ላይ የሚይዛት የፀሐይ ስበት ነው።

አሁን ከሰማይ ወደ እግራችን ሥር እንመለስ። «ስምጥ ሸለቆ» ሲባል ብዙ ተማሪ ወንዝ የቦረቦረው ገደል ይመስለዋል፤ ምክንያቱም የምናውቀው ሸለቆ እንደ ዓባይ ያለው ነው። ልዩነቱን የያዘው «ስምጥ» የሚለው ቃል ነው። እንግሊዛዊው የሥነ ምድር ባለሙያ ጆን ዋልተር ግሪጎሪ እ.ኤ.አ. በ1893 የኬንያውን ክፍል ሲያጠና የደረሰበትም ይኸው ነው፦ ሸለቆውን ወንዝ አልቆፈረውም፣ በሁለት ትይዩ ስብራቶች መካከል ያለው መሬት ወደ ታች ሰምጦ ነው።

ለምን ሰመጠ? ይሄን ቃሉ አይነግረንም። መልሱ የተሟላው በ1960ዎቹ፣ የመሬት ቅርፊት በሚንቀሳቀሱ ፕሌቶች የተከፋፈለ መሆኑ ሲታወቅ ነው። ሁለት ወገን ሲራራቅ መካከሉ ይሳሳል፣ ይሰበራል፣ ይሰምጣል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር፣ ዳባሁ አካባቢ ይህ በሳምንታት ውስጥ ታየ። 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው መስመር ቅልጥ ዐለት ከሥር ገብቶ ግራና ቀኙን እስከ 8 ሜትር አራራቀው። የሳተላይት ራዳር የመሬቱን ለውጥ መዝግቦታል።

እኔ ምህንድስና ስለተማርኩ ቃል ሁሉ እንደ ብሎን ልኩ የታወቀ ቢሆን ደስ ይለኛል። የሳይንስ ቃላት ግን እንደዚያ አይደሉም። ስም ማለት ትርጓሜ አይደለም፤ አንድ ዘመን ምን እንዳየ የሚነግረን ምልክት ነው። ስሙን ብቻ ሸምድዶ ፈተና የሚገባ ተማሪ ወንዝ በሌለበት ወንዝ ይፈልጋል። ስለዚህ አዲስ ቃል ሲገጥማችሁ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ሰያሚዎቹ ምን አይተው ነው? ከዚያ ወዲህስ ምን ታወቀ?

እስቲ በ«ተወርዋሪ ኮከብ» ጀምሩ። ኮከብ ነው እንዴ? ፍንጭ ልስጣችሁ፦ ብዙዎቹ ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም አይበልጡም፤ የሚያበሩትም ከባቢ አየራችን ውስጥ ነው።